እናትህን ከሶፋው አስነሣት

እናትህ ከተቀመጠችበት ልትነሣ ስትል «ኧረ እማዬ ቁጭ በይ፣ ምን ጎድሎብሽ ነው?» እያልክ ትከሻዋን ይዘህ የምትመልሳት ልጅ፣ ይህ ተግሣጽ ላንተ ነው። ውኃ እንኳ ራሷ ቀድታ እንዳትጠጣ ሠራተኛ የቀጠርሽላት፣ ከሰፈሯ ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በመኪና ከበር እስከ በር የምታመላልሻት፣ ሰው መካከል ስትቀመጪ «እናቴ አሁን ምንም አትነካም፣ ቁጭ ብላ ነው የምትጦረው» እያልሽ የምትኮሪ ልጅ፣ ላንቺም ነው። እናታችሁን እንደምትወዱ አውቃለሁ። የምወቅሳችሁ በፍቅር ስም እግሯን ስለነጠቃችኋት ነው።

አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩአት። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከሚያሰምጥ ሶፋ እንዴት እንደምትነሣ ተመልከቱ። መጀመሪያ ወደ ፊት ፈቀቅ ትላለች። ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ ታደርጋለች። «በስመ አብ» ብላ ትገፋለች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ተመልሳ ትወድቃለች። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ትሞክራለች። በመጨረሻ የሶፋውን ክንድ ጨብጣ ትቆማለች፤ ቆማም ወዲያው አትራመድም፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ማዞሩ እስኪለቃት ትጠብቃለች። ይህችው ሴት ከጥቂት ዓመት በፊት ከበርጩማ ላይ ምንም ሳትደገፍ ተነሥታ ቡና የምትቆላ፣ የምትወቅጥ፣ ጀበና የምትጥድ፣ ጎረቤት የምትጠራ ነበረች። ያን ሁሉ ከእጇ የተቀበላት ማን ነው? ሙቀጫውን «ደከመሽ» ብሎ የወሰደው፣ መጥረጊያውን የቀማት፣ ገበያውን የከለከላት ማን ነው?

«ዕድሜ ነው» ትላላችሁ። ዕድሜ የራሱን ይወስዳል፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን መቀመጥ የወሰደውንም ጨምራችሁ ሁሉንም በዕድሜ አታሳብቡ። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ሐኪሞች 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ አዋሏቸው። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ 5 ሰዎች የ50 ዓመት ጎልማሶች ሆነው እንደገና መረመሯቸው። ያ የሦስት ሳምንት መጋደም ከልባቸውና ከሰውነታቸው አቅም የቀነሰው፣ 30 ዓመት ዕድሜ ከቀነሰው በልጦ ተገኘ። ይህ የሆነው በጎረምሳ ላይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጤነኛ አረጋውያንን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ አዋለ፤ በነዚህ 10 ቀናት ከእግሮቻቸው ላይ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። እናትህ ጉንፋን ሲይዛት ሁለት ሳምንት «ተኝተሽ እረፊ» ስትላት ምን እየወሰድክባት እንደሆነ ይህ ይንገርህ። ጉንፋኑ ይለቃታል፤ እግሯ ላይ የነበረው ሥጋ ግን በራሱ ተመልሶ አይመጣም።

እስቲ የዚህን ተቃራኒም ስሙ። በ1990 እ.ኤ.አ. ማሪያ ፊያታሮኔ የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ ቦስተን ውስጥ በአንድ መጦሪያ ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ 90 የሚጠጋና ከዚያም ያለፈ 10 ደካማ አረጋውያንን መርጠው ክብደት በእግራቸው እንዲያነሡ አለማመዷቸው። ልምምዱ 8 ሳምንት ነበር። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሰዎች የጭናቸው ጉልበት በአማካይ 174 ከመቶ ጨመረ። ሁለቱ ከዘራቸውን አስቀምጠው መሄድ ጀመሩ። የ90 ዓመት ሰው መጦሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ ሲበረታ፣ አንተ የ68 ዓመት እናትህን «አንቺ ከእንግዲህ በቃሽ» ብለህ አስቀመጥካት። በምን ሥልጣንህ?

ለምን እንደምታስቀምጧት እውነቱን እንነጋገር። አንዱ ምክንያት ሰው ምን ይለኛል ነው። ጎረቤት እናትህ ዘንቢል አንጠልጥላ ከሱቅ ስትመለስ ካያት «ልጆቿ እንዲህ ጥለዋታል» ይላል። እናትህ ሽንኩርት ስትከትፍ እንግዳ ከደረሰ ሚስትህ ትሸማቀቃለች፤ «አማቷን እንደ ሠራተኛ ታሠራለች» እንዳትባል ቢላዋውን ከእጇ ትቀማታለች። ስለዚህ የእናንተ ስም እንዳይነሣ የእሷ ጉልበት ይታሰራል። የአክብሮታችሁ ዋጋ የሚከፈለው ከእሷ እግር ነው።

ሌላው ምክንያት ከዚህም የከፋ ነው፤ እኛ ልጆች ጮክ ብለን አንናገረውም። ቀስ ስለምትል ነው። ምስር እስክትለቅም ድረስ ይመሻል፤ አንተ ግን ይቸኩልሃል። ደረጃውን ስትወርድ አንድ እግሯን አሳርፋ፣ ሌላውን አስከትላ፣ መደገፊያውን ጨብጣ ነው፤ አንተ መኪናውን አስነሥተህ እየጠበቅክ ነው። ጫማዋን ራሷ ልታስር ስትጎነበስ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብለህ ታስርላታለህ፤ ያየህ ሁሉ «እንዴት ያለ ልጅ ነው!» ይልሃል። ያንን ጫማ ግን ጎንበስ ብላ ማሰር የምትችልበት ቀን ነበር፤ አሁን አትችልም፤ ያደረግህላት መልካም ነገር ይህ ነው። ከእሷ ጋር ቀስ ማለት ስላልቻልክ እሷ ጨርሶ እንድትቆም ፈረድክባት። ትዕግሥት ማጣትህን አክብሮት እያልክ አትጥራው።

ባሕር ማዶ ላለሽው እህቴም እናገራለሁ። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሆነሽ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ታድሪያለሽ። ጠዋት የሰው እናት ወገብ ላይ ቀበቶ አስረሽ፣ ከአልጋዋ አስነሥተሽ፣ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ታራምጃታለሽ። ብታኮርፍ ታባብያታለሽ፤ «ዛሬ ደክሞኛል» ብትል ዝም ብለሽ አትተዪያትም፤ ምን ያህል እንደተራመደች መዝገብ ላይ ትጽፊያለሽ። የተጋደመ ሰው ጀርባው እንደሚቆስል፣ ደሙ እግሩ ውስጥ እንደሚረጋ፣ ሳንባው እንደሚታመም ተምረሽ ተፈትነሽበታል። ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ትደውያለሽ። «እማዬ እንዳትለፊ፤ ብር ልኬያለሁ፤ ሁለተኛ ሠራተኛ ይቀጠርልሽ ብያለሁ።» ለሰው እናት ያወቅሽውን ለራስሽ እናት ለምን ነፈግሻት? የላክሽው ብር መድኃኒቷን ይግዛ፣ ቀለቧን ይሙላ፤ እንዳትነሣ ግን አይግዛባት።

እናትሽን ወደዚያው የወሰድሻት ከሆነም ነገሩ አይሻልም። አገሯ ሳለች ጠዋት ኪዳን አድርሳ፣ በመንገዷ የታመመ ጠይቃ፣ ጎረቤት ቡና ጠጥታ ትመለስ የነበረች ሴት፣ አሁን አፓርታማ ውስጥ የልጅ ልጅ ትጠብቃለች። «ብቻሽን እንዳትወጪ፣ ትጠፊያለሽ፤ ቋንቋ አታውቂ፣ ስምሽን ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?» ተብላለች። ክረምቱ ብርድ ነው፣ በጋውም በመስኮት ነው የሚያልፈው። አንቺ ሁለት ሥራ ትሠሪያለሽ፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሆኖም የቤቱን አድራሻ በወረቀት ጽፈሽ ኪሷ ውስጥ ማስቀመጥ፣ አንድ እሁድ አብረሽ ወጥተሽ ሕንፃውን አንዴ፣ ሁለቴ እየዞርሽ መንገዱን ማስለመድ ጊዜ አጣሁ የሚያሰኝ አይደለም።

አገር የለወጡ ሰዎች ምን እንደሚያገኛቸው የታየበት ምሳሌ አለን። በ1984 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር የወጡ፣ አርሰው፣ ውኃ ቀድተው፣ ቀን ሙሉ በእግር ተጉዘው ያደሩ ሰዎች ነበሩ። ሲገቡ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ዓመታት ባለፉ ቁጥር በሽታው እየበዛባቸው መሄዱን የአገሩ ሐኪሞች መዝግበዋል። ምግቡ ተለውጧል፤ ኑሮውም ተለውጧል፤ ጥፋቱን ሁሉ በአንዱ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። ነገር ግን ተራራ ወጥቶ ተራራ ሲወርድ የኖረ እግር ፎቅ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ሰውነቱ ዝም ብሎ እንደማያልፈው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም።

አዲስ አበባም ያንኑ እያደረግን ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ስፖርት ብለው ከቤት ወጥተው አያውቁም። እግራቸውን የሚያነሣው ሰው ነበር። ለቅሶ መድረስ፣ ቀብር መሸኘት፣ ሠልስት ማውጣት፣ ወላድ መጠየቅ፣ ማኅበር መጠጣት፣ የእድር ስብሰባ መሄድ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ተራ መግባት፤ ይህ ሁሉ በእግር ነበር፤ ይህ ሁሉ መነሣት፣ መቀመጥ፣ ዳገት መውጣት፣ ቁልቁለት መውረድ ነበር። ከዚያም ሰፈሩ ፈረሰ። የፒያሳ፣ የልደታ፣ የካዛንቺስ ሰው ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ሄደ። እጣ ሲወጣ ለአሮጊቷ አራተኛ ፎቅ ደረሳት፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም። እድሯ ድሮ ሰፈሯ ቀረ፤ የምታውቀው ደብር ሩቅ ሆነ፤ ከግድግዳ ማዶ ያለውን ጎረቤቷን ስሙን አታውቀውም። ስለዚህ መውረዷን ተወች። ልጆቿም «ደረጃው ይገድላታል» ብለው ደስ አላቸው፤ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዙላት፤ ከተከታታይ ፊልሙ ጋር ቀኑ አለቀ።

ያ ደረጃ ጠላቷ አልነበረም። መደገፊያ ይዛ፣ በየማረፊያው በርጩማ ተቀምጦላት፣ አንድ የልጅ ልጅ ከታች በኩል ቀድሟት፣ በቀን አንዴ ብትወርድና ብትወጣ ጉልበቷን የሚጠብቅላት እሱ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆኑ 1,635 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተከታተለ። የጠየቀው ነገር ቀላል ነው፦ 400 ሜትር ያለ ሰው ድጋፍ መራመድ ይችላሉ ወይስ አይችሉም? የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው 35.5 ከመቶው ይህን አቅም አጡ፤ በእግር ጉዞና በጡንቻ ልምምድ ከቆዩት 30.1 ከመቶው። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ከመቶው አምስት እናቶች ታክሲ መያዣው ድረስ በእግራቸው ደረሱ ማለት ነው። የአንተ እናት ከአምስቱ አንዷ እንዳትሆን የከለከልካት አንተ ነህ።

ሃይማኖቶቻችንም እግር ያውቃሉ። በዐቢይ ጾም የሚሰግዱትን አረጋውያን፣ በስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ ግንባራቸውን ምድር እያስነኩ የሚነሡትን ባልቴቶች አስቡ። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆመው፣ መቋሚያ ተደግፈው፣ ጸናጽል ይዘው የሚያሸበሽቡ ሽማግሌ ሊቃውንትን አስቡ። ሙስሊም አባቶቻችን በቀን አምስት ጊዜ በሚሰግዱት ግዴታ ሶላት 17 ረከዓ አለ፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሱጁድ፤ በቀን 34 ጊዜ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይነሣሉ ማለት ነው። ከመሬት መነሣት የሚያውቅ አረጋዊ ቢወድቅ እንኳ ራሱን ያነሣል። የታመመ፣ የደከመ ሰው ተቀምጦ እንዲጸልይ ሁለቱም ሃይማኖቶች ፈቅደዋል፤ ይህ ምሕረት ነው። ገና የምትችለዋን እናት ግን «ወንበር አምጥቼልሻለሁ» ብሎ ማስቀመጥ ምሕረት አይባልም። ወንበሩን ስትፈልግ ራሷ ትጠይቅህ።

«ብትወድቅስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱም የከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይናገራል፤ ለከፋ ጉዳት ከሚጋለጡትም አረጋውያን ቀዳሚዎቹ ናቸው። የዳሌ አጥንት ስብራት አንድን ቤት እንዴት እንደሚያናውጥ የደረሰበት ያውቃል። ነገር ግን የሚወድቀው ማን ነው? የጭኑ ጡንቻ ያለቀ፣ ሚዛኑን መጠበቅ የረሳ፣ ማለትም የተቀመጠ ሰው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. 108 ጥናቶችን፣ ከ23,000 በላይ በየቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያንን አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ የአካል እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 ከመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። እንዳትወድቅ ብላችሁ ስታስቀምጧት ውድቀቷን እያዘጋጃችሁላት ነው። ከልብ ብትፈሩ ኖሮ የምንጣፉን የተገለበጠ ጠርዝ ታነሡ ነበር፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የምትሄድበትን መተላለፊያ መብራት ታበሩ ነበር፤ ሳሙና የሚያንሸራትተውን ወለል ታደርቁ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ታስመቱ ነበር። ተረከዝ የሌለውን ልል ነጠላ ጫማዋን ጥላችሁ እግሯን የሚይዝ ጫማ ትገዙላት ነበር። የዓይኗን ሞራ ታስወግዱላት፣ የምትውጠው የግፊት መድኃኒት ስትነሣ ያዞራት እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቁ ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱን ሳታደርጉ «ቁጭ በይ» ማለት ስንፍና ነው።

አባባ፣ እርስዎንም አላልፍዎትም፤ ዕድሜዎን አክብሬ ነው የምናገረው። መንግሥት በ60 ዓመትዎ ከቢሮዎ አሰናበተዎት፤ በማግስቱ እርስዎ ከሰፈሩ ሁሉ ራስዎን አሰናበቱ። ጠዋት ዜና፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ዜና። ሦስት እርምጃ የማይርቅ ሪሞት ለማንሣት ከጓዳ የልጅ ልጅዎን ይጠራሉ። «ውኃ አምጪልኝ፣ ጋቢዬን አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊው።» ልጅን መላክ የአባት መብት እንደሆነ አድገንበታል፤ ነገር ግን በተጠራች ቁጥር የሚጎለብተው የእሷ እግር ነው፤ የእርስዎ እየሟሸሸ ነው። ከጡረታ በኋላ ሃያ ዓመት የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ እርስዎም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሃያውንም ዓመት ሰው ደግፎ ወደ መጸዳጃ ቤት እንዲወስድዎት ይፈልጋሉ? እትዬ፣ እርስዎም «ልጆቼ አሳረፉኝ» እያሉ ጉልበትዎ ሲቆረጠም ዘይት ማስቀባት ብቻ አይበቃም። ለአረጀ ጉልበት ሐኪሞች ከሚያዝዙት የመጀመሪያው ነገር በልኩ ማንቀሳቀስ ነው፤ የተቀመጠ ጉልበት ይብሱን ይደርቃል።

ይህን ስናገር የማልወቅሳቸው አሉ። በሰባ ዓመቷ ገደል ወርዳ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ የገጠር እናት ይህ ተግሣጽ አይመለከታትም። እሷ የሚያስፈልጋት ሸክሟን የሚያቀልላት ሰው፣ በደጇ የሚፈስ ውኃ ነው። ጎዳና ዳር ተቀምጣ ለእለት ጉርሷ ቆሎ የምትሸጠውንም አሮጊት «ተነሺና ተራመጂ» የሚላት ካለ ሐፍረት የለውም። የምናገረው ጠግበው ለተቀመጡትና ለሚያስቀምጧቸው ነው።

ሐኪሞችም ከዚህ አታመልጡም። ካርድ ይዛ የመጣችውን እናት ግፊቷን ለክታችሁ፣ ስኳሯን አይታችሁ፣ መድኃኒት ጽፋችሁ፣ «እንግዲህ እረፍት ያድርጉ» ብላችሁ ትሸኟታላችሁ። ስንት ደቂቃ እንደምትራመድ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? ከወንበር ሳትደገፍ ትነሣ እንደሆነ አንዴ አስነሥታችሁ አይታችኋታል? ያቺ «እረፍት» ያላችኋት ቃል ቤት ስትደርስ በልጆቿ አፍ ሕግ ሆና ዓመታት ትቆያለች።

አሁን የሚደረገውን ልናገር፤ የማታውቁት ነገር ስላልሆነ ሰበብ የላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይላል። ዝቅተኛው በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው፤ አንድ ላይ መሆን የለበትም፤ አሥር አሥር ደቂቃም ይደመራል። መጠነኛ ማለት እያወራች መሄድ የምትችልበት፣ መዝሙር ልዘምር ብትል ግን ትንፋሽ የሚያጥራት ዓይነት አካሄድ ነው። በሳምንት ቢያንስ በሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር፤ ቢያንስ በሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ። ጡንቻውን ለማጠንከር ማሽን ያለበት ቤት መሄድ አያስፈልግም። ጀርባው ቀጥ ያለ የምግብ ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ አስቀምጧት፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትነሣ፣ ትቀመጥ፤ አምስት ጊዜ፤ እጇን ሳትጠቀም ካልቻለች በእጇ እየተደገፈች። ሲለምዳት አሥር ጊዜ። ባለ አንድ ሊትር ዘይቱን በየእጇ ይዛ ከጓዳ ሳሎን ታምጣው። ለሚዛኑ የጠረጴዛ ጠርዝ በጣቷ ነክታ በአንድ እግሯ ትቁም፤ እናንተ አጠገቧ ቁሙ። ደረቷን የሚወጋት፣ ስትራመድ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ራሷን ስታ የምታውቅ፣ እግሯ የሚያብጥ ከሆነች አስቀድማ ሐኪም ትይ። ሌላዋ ዛሬ ትጀምር። ምስሩን ትልቀም፤ ቡናውን ትውቀጥ፤ አበባውን ውኃ ታጠጣ፤ የልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት በር ትቀበል። ቀስ ትበል፤ አንተ ጠብቃት።

ከተማውን የምታስተዳድሩም ስሙ። በ2011 ዓ.ም. መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ በተሰጡባቸው እሁዶች አስፋልቱ ላይ ኳስ የሚጫወት ጎረምሳ፣ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ሞልቶ ነበር፤ ሽማግሌ ግን ጥቂት ነበር። ለምን? ሽማግሌ መቶ ሜትር ሲሄድ የሚያርፍበት አግዳሚ ይፈልጋል። አሮጊት ከቤቷ ከወጣች መጸዳጃ ቤት እንደማታገኝ ታውቃለች፤ ስለዚህ አትወጣም። መንገድ ለመሻገር የብረት ድልድይ ደረጃ ወጥተሽ ውረጂ የተባለች ሴት ማዶ ያለውን ዘመዷን መጠየቅ ትታለች። የእግረኛ መንገድ ሰፍቶ አምሮ ሲሠራ አይተናል፤ በየጥቂት መቶ ሜትሩ አግዳሚና ንጹሕ መጸዳጃ ከሌለው ግን ለአረጋዊ ተሠርቷል አይባልም።

የመጨረሻው ለእድር ነው። እድሮቻችን ለሞት የተዘጋጁ ናቸው። አንድ አረጋዊ ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ይመጣል፤ ጎረምሶቹ ሥራቸውን ጥለው ይሰለፋሉ፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ያ አረጋዊ በሕይወት ሳለ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለዓመት ያህል ሳይወርድ ሲቀመጥ ግን በሩን የሚያንኳኳ አልነበረም፤ የተቀጣም የለም። አስከሬኑን ተሸክማችሁ ያወረዳችሁበትን ደረጃ፣ በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን ክንዱን ይዛችሁ አውርዳችሁት ታውቃላችሁ? የእድር ዳኛ ሆይ፣ ደንብ የማውጣት ሥልጣን አለህ፤ የሰው ስም ዝርዝር አለህ፤ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች አሉህ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ሁለት ወጣት አንድ አረጋዊ ይዘው ወርደው ሰፈሩን ያዙሩት፤ የቀረ እንደ ቀብር ይቀጣ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ከመዋጮው ሒሳብ አስቀድመህ ይህን አንሣ፤ ጸሐፊውም የእያንዳንዱን አረጋዊ ስም፣ የሚኖርበትን ብሎክና ፎቅ፣ አጠገቡም ይዞት የሚወርደውን ሰው ስም ይጻፍ።